ፀሐይ የምትጠጣ መስታወት

ሦስት ቀን ሆነው መብራት ከጠፋ፣
ነፋስ ከሐይቁ ወጥቶ ምሰሶ ከደፋ።
አግዳሚው ሞልቷል፤ ጋቢ የተከናነበ፣
ጥርሱ የተንገጫገጨ፣ ግንባሩ የረጠበ፣
ከሽምብጥ የመጣ፣ ከይባብ የመጣ፣
ወረፋ የሚጠብቅ ውጤቱ እስኪወጣ።

አዲሱ ማይክሮስኮፕ አንገቱን ደፍቷል፤
ሁለት ዓይን እያለው መሪ ይፈልጋል።
የፈጣን ምርመራው ካርቶንም ባዶ ነው፤
መመሪያ ወረቀት ብቻ ነው የቀረው።

ጡረታዬ ሊደርስ አርባ ቀን ቀርቶታል።
«አንድ ዓይና ነበረ» አልኳት ለጥሩዘር፣
«ከዕቃ ቤቱ ጥግ፣ ከተሰበረው ወንበር ሥር።»

ሣጥኑን ከፈትነው። የጣውላው ሽታ
ወሰደኝ ወደ ደቅ፣ ወደ ሐይቁ እርጋታ።
አውራሪስ ይቀዝፋል፤ እኔ ጉልበቴ ላይ
ሣጥኑን ታቅፌ፣ እንደ ጨቅላ ጋርጄ ከፀሐይ።
የደንገሉ ታንኳ ውሃ እየመጠጠ ይከብዳል።
«ብንገለበጥ ማንን ትይዛለህ?» አለ።
«ሣጥኑን» አልኩት።
ሳቀ፣ መቅዘፊያውን ረሳ፤
ታንኳው በራሱ ዞሮ ፊቱን ወደ ዘጌ መለሰ።

ያን ጊዜ በደሴቱ የወባ ስሟ ብዙ ነው፦
አንዱ «እሸት በቆሎ በልቶ ነው»፣
አንዱ «ምች ነው»፣ አንዱ «የረግረግ ሽታ ነው»፤
የቀረው «ዓይን ነው» ይላል።
እውነቱን ነው፣ የጎደለን ዓይን ነው።

ያልጋነሽ መጣች፣ ሁለት ቀብራ ሦስተኛውን አዝላ።
የጣቱን ጫፍ ወጋሁ።
አንድ ጠብታ ደም፣ አንድ ስስ ብርጭቆ፣ ወይን ጠጅ ቀለም።
መስታወቷን ወደ ሐይቁ አዘነበልኳት፤
ጣና የመለሰው ብርሃን በቀዳዳው ሽቅብ ወጣ።
«ነይ፣ እይ» አልኳት።
አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች።
«ቀለበት ይመስላል።»
«እሱ ነው።»
«እንግዲያስ ልጆቼን ሳልሰማ ያጨቻቸው ይህች ናት?»
መልስ አልነበረኝም። ክኒኑን ሰጠኋት፣ መራራውን።
(ያ ሦስተኛው ልጅ ዛሬ የሞተር ጀልባ ይነዳል፤
ወደቡ ላይ ሲያየኝ ጥሩምባ ይነፋል።)

ማን ይሆን በፊት ብርጭቆ ሞርዶ
ከጠብታ ውሃ ውስጥ መንደር ያየው ወርዶ?
ጎረቤቱ «አበደ» ሳይለው አልቀረም፤
ሚስቱም «ወጡ ቀዘቀዘ» ስትለው አልሰማም።
ሌላው የዛፍ ቅርፊት ቀቅሎ ምሬቱን ቀዳ፤
አንዱ የትንኝ ሆድ ሰንጥቆ ጥፋተኛዋን ያዘ፤
ሌላዋ ከእኛ ጭቁኝ ከምትዛመድ ቅጠል
ትኩሳት የሚያበርድ ፍሬ ነገር አወጣች።
አይተዋወቁም። አንዱ የጀመረውን አንዱ ይጨርሳል፣
ደቦ ነው፣ ጠሪው የማይታወቅ ደቦ።
ወባም አልተኛችም፤
ትናንት የገደላትን ክኒን ዛሬ ቆርጥማ ትውጣለች።
ፈልሳፊ እኛ ብቻ አይደለንም።

ጥሩዘር መስኮቱን ከፈተች።
«አምፖሉ የታል?» አለችኝ፣ ከሥሩ እየዳበሰች።
«ያውልሽ» አልኳት፣ ወደ ሰማይ።
ይኸኔ ደመና መጣ።

ወረፋው ሁሉ አንጋጦ ደመናውን ያያል፤
ታማሚው፣ አስታማሚው፣ ጥበቃው ሞገሴ ሳይቀር።
ደመናው ግን የማንንም ትኩሳት ሳይለካ
ቀስ እያለ፣ እንደ ሹም በቅሎ፣ አለፈ።
መስታወቷን በጣቴ ነካኋት፣ ጥቂት ወደ ግራ።
«አየኋት!»

ስምንት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ በጭብጨባ ተናወጠ፦
«መብራት መጣ!»
አዲሱ ማሽን አንዴ ጮኸ፣ አረንጓዴ ዓይኑ በራ።
ጥሩዘር ቀና አላለችም።
«ቆይ» አለች፣ አንድ ዓይኗን እንደ ጨፈነች፣
«እየቆጠርኩ ነው፤
እጅዎን ከመስታወቷ አያንሱብኝ።»